ለአባቴ የቀባሁት ነጭ ጣሪያ

ይህ ነገር የሆነው አምና በሁዳዴ ጾም ነው። የምጽፈው ግን ዘንድሮ ነው፤ ምክንያቱም ዘንድሮ በጾሙ መካከል ጎረቤቴ በሬን አንኳኩቶ የጠየቀኝ ጥያቄ እስከዛሬ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሏል። ጎረቤቴን ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው ብል ደስ ባለኝ፤ ውሸት ይሆንብኛል። ትንሽም ቢሆን ለማሳጣት ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር ዳርቻ፣ ሰባታሚት ነው። በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ግንባታ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ሥራው ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ስለሆነ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ቤታችን ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ጨርቅ ነው። ማንንም አያስቀናም፤ የራሳችን መሆኑ ይበቃናል። ሰው ባሕር ዳር ሲባል ቀኑን ሙሉ የሐይቅ ነፋስ የሚነፍስብን ይመስለዋል። ነፋሱ እኛ ሰፈር ሳይደርስ ያልቃል። ከየካቲት ጀምሮ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ጧ ጧ ይላል፤ ውስጥ ያለ ሰው ይቀቀላል።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ነበሩ ማለት አለብኝ፤ እስካሁን አለመድሁትም። ዘጌ ላይ ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድጓ ሲያስተምሩ ነው የኖሩ። ከዛፍ ጥላ ወጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። አምና ጥምቀት ሰሞን በድንገት ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። በጀልባ አሻግረን ሐኪም ቤት አስገባናቸው። ሲወጡ ክትትል ስላለባቸው እኔ ቤት ቀሩ። አንደበታቸውን በሽታው አልነካውም፤ እንዲያውም ተረባቸው ጨመረ። ሐኪሙ ግን ኩላሊታቸውም እንደደከመ ነገረኝና አጥብቆ አዘዘኝ። ውሃ በብዛት ይጠጡ፣ ሙቀት አያግኛቸው አለ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ወዲያው ሁዳዴ ገባ።

አባቴን በሁዳዴ ውሃ ይጠጡ ብሎ ማዘዝ ዓባይን ወደ ኋላ ፍሰስ እንደማለት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ አይቀምሱም። የንስሐ አባታቸውን ለምኜ አመጣሁ። «የታመመን ሰው ጾም አያስገድደውም፤ ይጠጡ፣ ፈቅጄልዎታለሁ» አሏቸው። አባቴ አመሰገኑና «ፈቃዱን ተቀብያለሁ» አሉ። ቄሱ ከወጡ በኋላ ብርጭቆውን ሳቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ተቀብያለሁ አልሁ እንጂ እጠጣበታለሁ አልሁ?» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር ተከራክሮ ማን ያሸንፋል! ከትንሽነቴ ጀምሮ አሸንፌያቸው አላውቅም።

ውሃውን ካልቻልሁ ሙቀቱን ልቻለው ብዬ ተነሣሁ። የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ በኮሌጁ አረንጓዴ ግንባታ የሚባለውን ትምህርት የማስተምር ሰው ነኝ። ጥቁርና ዝገት የለበሰ ጣሪያ የፀሐይን ሙቀት ጠጥቶ ወደ ቤት ያወርደዋል፣ ነጭ ጣሪያ ግን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል፤ ከተማው በሙሉ አስፋልትና ጠቆር ያለ ቆርቆሮ ሲሆን ሙቀቱ ተጠራቅሞ ማታም አይለቅም እያልሁ ዓመት ከዓመት ሳስተምር ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ አንዱ ተማሪ «የርስዎ ቤት ጣሪያ ምን ዓይነት ነው?» ብሎኝ ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅሁ። የኔ ጣሪያ ዝገት ነበር።

ቀለም ቀቢ ጠራሁ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አስፋቅሁት፣ አስጠረግሁት፣ መያዣ ቀለም አስቀድሜ ነጩን ደራርቤ አስቀባሁት። የሰፈሩ ሰው ሲያልፍ «ቤትሽን ልትድሪው ነው እንዴ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ አልሁ። ኮርኒሱን ቀትር ላይ ከአልጋ ላይ ቆሜ በእጄ ስነካው በፊት እንደ ምጣድ የሚያቃጥለው ለብ ብሎ አገኘሁት። ቆርቆሮው መንጫጫቱን ተወ። ቀን ቀን እሳቸውን የምትጠብቅልኝ የአክስቴ ልጅ ብርቄ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ተቀብላ «ቀትሩን ሙሉ ተኝተው ዋሉ» አለችኝ። ስገባ ከንፈራቸው አልደረቀም፣ አንሶላቸው በላብ አልራሰም።

አባቴ ዓይናቸውን ገልጠው «ዛሬ ዘጌ ነው የተኛሁት» አሉኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ደመወዝ ተቀብዬም፣ ዲግሪ ተቀብዬም አላውቅም። ጓሮ ገብቼ አለቀስሁ።

ይኸኔ ጋሽ ሙላት መጣ።

ጋሽ ሙላት ከኛ አጥር ቀጥሎ ፎቅ ሠርቶ የሚኖር ነጋዴ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ላይ ግን እሱ ብዬ ልጻፍ፤ በዚህች እንኳ ንዴቴን ልወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። አባቴ ሲታመሙ መኪናውን ይዞ ወደብ ድረስ መጥቶ ከጀልባው የተቀበለን እሱ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብዬ መርቄው ነበር።

ነጩ ጣሪያ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩን እየመለሰ ሳሎኔን አቃጠለው፣ በረንዳዬ ላይ ዓይን አያስገልጥም አለኝ። ውሸት አልነበረም። ፎቁ ላይ ወጥቼ አየሁት፤ እውነትም ዓይን ይወጋል። የተወሰኑ ሰዓታት ነው፣ መጋረጃ ላሰፋልዎት፣ በአጥሩ ላይ የሚንጠለጠል ተክል ልትከልልዎት፣ ክረምት ሲገባ አቧራና ዝናብ ያደበዝዘዋል እያልሁ ለመንሁት። አባቴ ስላሉበት ሁኔታም ነገርሁት። እሱ ግን ፎቅ የሠራሁት መጋረጃ ዘግቼ ልቀመጥበት አይደለም አለ። ቆይቶ ዋናው ነገር ወጣ። ልጁን ቤዛን በዳግማይ ትንሣኤ ሊድር ነበር። ሙሽሮቹ በረንዳው ላይ ሆነው ፎቶ ይነሣሉ፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። ከኋላቸው የኔ ጣሪያ አብረቅርቆ ምስሉን ያበላሻል ብሎ ቪዲዮ አንሺው ነግሮታል።

«ጋሽ ሙላት፣ አባቴ በሕይወት እንዲከርሙልኝ ነው» አልሁት። «አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ይማራቸው» አለና ሄደ። አበቃ ብዬ ነበር።

በገብርኄር እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ቆሙ። የእድራችን ዳኛ አቶ ተገኘ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ የጋሽ ሙላት ዘመድ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ግቡ አልኋቸው። አልገቡም። ተቀመጡ ብዬ አግዳሚ ወንበር አወጣሁ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ።

የኛን አገር ሽማግሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። አይቆጣም፣ አይሳደብም፤ እያሳሳቀ እንደ ውሃ ነው የሚወስድ። አቶ ተገኘ ስለ ጉርብትና ተናገሩ። ቄሱ ስለ ፍቅር ተናገሩ። ሠርግ የሰፈር ሁሉ ደስታ ነው አሉ። ጣሪያውን በሌላ ቀለም ሙላት በራሱ ወጪ ያስቀባልሻል፣ አንቺ የምትደክሚበት የለም አሉ። እኔም ቢያንስ ከፋሲካ በኋላ ይሁን፣ ጾሙ ይውጣ፣ አባቴ ውሃ መጠጣት ይጀምሩ አልሁ። እሱ አይሆንም አሉ። በሕማማት ሠራተኛ አይገኝም፣ ጣሪያ ላይም አይወጣም፤ ከፋሲካ እስከ ሠርጉ ያለው ሳምንት ደግሞ ድንኳኑም ዳሱም የሚተከልበት ስለሆነ ከሆሳዕና በፊት ካላለቀ አይደርስም። ሁሉንም አስበውበት ነው የመጡ።

አይሆንም ልል ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይበሉኝ፣ ሽማግሌ የመለሰች ይበሉኝ ብዬ ቆርጬ ነበር።

አባቴ ከውስጥ ሰሙ።

«ማናቸው? ስለምን ውጭ ቆሙ? ግቡ በሏቸው እንጂ» አሉ።

ለሳቸው ሲሆን ገቡ። ጉልበታቸውን ስመው ዙሪያውን ቆሙና ጉዳዩን በለሆሳስ ነገሯቸው። ሠርግ መኖሩን ነገሯቸው፣ ሽማግሌ መቆሙን ነገሯቸው። ነጩ ጣሪያ ምን እንደሚያደርግላቸው ግን ማንም አላነሣም። እኔ ነኝ ያነሣሁት።

«አባባ፣ ጣሪያው የተቀባው ለእርስዎ ነው» አልሁ።

«አውቃለሁ ልጄ። እኔ ለስንት ቀን ብዬ ነው አንቺ ዕድሜ ልክሽን ከሰው የምትጣዪ? ሽማግሌ ከደጄ ቆሞ አይመለስም። የሚሉሽን አድርጊ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ወዲያው ተቀመጡ። ቄሱ ቃለ ሕይወት ያሰማልን አሉ። አቶ ተገኘ «እንዲህ ያለ አባት ያለሽ ዕድለኛ ነሽ» አሉኝ። ከሳቸው ቃል በላይ ምን ልናገር? በሰው ፊት፣ ያውም ተኝተው፣ አባቴን ላዋርድ? ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ። አባቴ ሞኝ አልነበሩም፤ ደግ ነበሩ። ቆራጩ ግን ልዩነቱ አይታየውም።

ጋሽ ሙላት ቀቢውን በማግስቱ ላከ። ቀለሙ ቡኒ ነበር። የግቢውን በር የቀባበት የዝገት መከላከያ ተርፎት ኖሯል። ቀቢውን ኧረ ባይሆን ፈካ ያለ ግራጫ ይሁን ብዬ አስቆምሁት። ወደ ፎቁ አንጋጦ ጠየቀልኝ። ቡኒው ከግቢዬ በር ጋር ይሄዳል፣ ደግሞም ዝገት ይከላከልላታል የሚል መልስ መጣ። ያ ነጭ ጣሪያ አንድ ከሰዓት ሳይሞላ ጠፋ። ድሮ ዝገት ሆኖ ሳለ ከነበረውም ባሰ፤ ጠቆር ያለ ቀለም ሙቀት እንደሚጠጣ እየጮህሁ የማስተምረው እኔ፣ ጥቁር ሰሌዳ የመሰለ ነገር አባቴ አናት ላይ ተቀምጦ አየሁ።

ቆርቆሮው መንጫጫቱን ጀመረ። ያላደረግሁት ነገር የለም። ጆንያ አርሼ ጣሪያው ላይ አስነጠፍሁ፤ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጆንያው ደርቆ ይውላል። ማራገቢያ አመጣሁ፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል፣ ሲበራም ያንኑ ትኩስ አየር ነው የሚያዞር። ጠዋት ጠዋት ከብርቄ ጋር ተሸክመን ግድግዳው ጥላ ሥር እናወጣቸው ነበር። ጥላው ሲሸሽ ግን መልሰን ማስገባት ነው። ጀርባቸው ቆሰለ። ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ። አንድ ቀን እንኳ ሞቀኝ አላሉም። ቃላቸውን ሰጥተው የለ? ሞቀኝ ማለት በሰጡት ቃል መጸጸት መሰላቸው መሰለኝ።

ሕማማት ገባ። ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የሚመጣውን ዜማ እየተከተሉ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ሐሙስ ዕለት መቀስቀስ አቃተን። ስንጠራቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ፣ ወዲያው ይከድናሉ። በማንኪያ ውሃ ሳቀርብ ጥርሳቸውን ገጠሙ። ዓርብ፣ ስቅለት ዕለት ቀትር ላይ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። ቤቱ እንደ ምድጃ ይንቀለቀላል። ውጭ ደግሞ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ሰው ሁሉ ስግደት ላይ ነው። ባጃጅ ፈልገን ሐኪም ቤት አደረስናቸው።

ወጣቱ ሐኪም ቆዳቸውን ቆንጥጦ ለቀቀውና «ሰውነታቸው እኮ ውሃ የለውም። እስካሁን ምን ትጠብቁ ነበር?» አለኝ። ስለ ጾሙ ልንገረው? ስለ ሠርጉ ልንገረው? ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፉ።

ጣሪያው ገደላቸው አልልም። የታመሙ ሰው ነበሩ፣ የሚጾሙ ሰው ነበሩ። ግን በነጩ ጣሪያ ሥር እየጾሙ ቀትሩን ተኝተው ይውሉ ነበር። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ፋሲካ ለመድረስ የቀራቸው አንዲት ቅዳሜ ናት።

ቅዳሜ ተቀበሩ። በሕማማት ፍትሐት የለም፤ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ ሆሳዕና ዕለት ተጠቃሎ አስቀድሞ ይደረጋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሌላው ሰው ፍትሐት ሲያዜሙ የኖሩ መሪጌታ ያለ ዜማ አፈር ገቡ። ያስተማሯቸው ልጆች ከዘጌ መጥተው መቃብሩ ዳር አፋቸውን ይዘው ቆሙ። አቶ ተገኘ ድንኳን አስተክለው፣ እድርተኛውን አስተባብረው፣ አጠገቤ ተቀምጠው «በሕማማት መሞት መታደል ነው» አሉኝ። ቄሱም አዎ አሉ። ጋሽ ሙላትም ደረቱን እየመታ አለቀሰ። ከልቡ ነበር፣ አይቻለሁ። ያ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ።

ሠርጉ በቀኑ ተደረገ። ሐዘን ላይ መሆኔን ስለሚያውቅ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮልኛል። ሙሽሮቹ በረንዳው ላይ ወጥተው ፎቶ ተነሡ። ቡኒው ጣሪያ ከበሩ ጋር በጣም ሄደ።

ዓመት አለፈ። ጣሪያዬን መልሼ ነጭ አላስቀባሁትም። ባለቤቴ በመጣ ቁጥር ይጨቀጭቀኛል። አባቴ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥተዋል፤ የሞተ ሰው ቃል ማጠፍ አቃተኝ። እኔም በዚያው ሥር እቀቀላለሁ።

ዘንድሮ ቤዛ ወለደች። በደንቡ መሠረት አራስነቷን እናቷ ቤት ፎቅ ላይ ነው የያዘች። ጾሙ ሲጋመስ ቀን ቀን የሕፃን ለቅሶ በአጥሩ ይሻገር ጀመር፤ ቆሞ የማይበርድ ለቅሶ። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሙላት በሬን አንኳኳ። ከበሩ አላለፈም። ሕፃኑ ሰውነቱ በሙቀት ሽፍ ብሏል፣ ቀትር ላይ ጡት አልጠባም ይላል፣ ፎቁ ላይ መቀመጥ አልተቻለም አለኝ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ጠየቀኝ።

«ያ አምና የቀባሽው ነጭ ቀለም፣ እውነት ቤት ያቀዘቅዝ ነበር?»

አምና ለምኜዋለሁ። ነግሬዋለሁ። ለካ የነገርሁትን አላመነኝም ነበር፤ የሴት ወግ መስሎት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። አፌ ላይ ስንት ነገር መጣ! ወዲያው ሕፃኑ ከላይ አለቀሰ።

«ያቀዘቅዛል» አልሁት። ከዚያም ሁሉንም ነገርሁት። ዝገቱ ጥርግ ብሎ ይፋቅ፣ መያዣው ቀለም ይቅደም፣ ሳይደርቅ እንዳይደረብ፣ ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ ይጀመር አልሁ። ቀቢዬ የት እንደሚገኝም ጠቆምሁት። ሕፃኑ ምን አደረገኝ?

ደስ ብሎት መረቀኝ። ሊሄድ ካለ በኋላ ዞር ብሎ ጣሪያዬን አየና «አንቺም እኮ አሁን መልሰሽ ነጭ ማስቀባት ትችያለሽ። ሠርጉ አልፏል፣ እኔ ግድ የለኝም» አለኝ። ቀጥሎም አባትሽን ነፍስ ይማር አለ።

አሜን ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። በሩን ዘጋሁት።

የፎቁ ጣሪያ አሁን ነጭ ሆኗል። ከሰፈሩ ሁሉ ከፍ ያለ ስለሆነ የማንንም ዓይን አይወጋም። ሕፃኑ ቀትር ላይ ይተኛል፤ ለሱ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። አያቱን ግን በአንገቴ ሰላምታ ሰጥቼ ነው የማልፍ። ሰፈሩ ቂም ያዘች ይለኛል። አዎ፣ ይዣለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ጋሽ ሙላት ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው፣ ሊያስታርቁን ነው ሲሉ ሰማሁ። ይላክ። መጥተው ደጄ ላይ ይቁሙ። አሁን ከውስጥ ግቡ የሚላቸው ሰው የለም።